የሰው ስልክ

ሀኪማ ስልክ አስቀማጭ ከመሆኗ በፊት አንድ ሰው የሌላውን ሰው ጆሮ ነክሶ ሲቆርጥ አይታለች።

ያኔ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የምትመላለሰው እንደማንኛውም ጠያቂ ስንቅ አንጠልጥላ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ዑበይድ ከደሴ ጭነት ይዞ ሲመጣ ሰው ገጭቶ ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ሰዉ ስልኩን በፌስታል እየጠቀለለ ከመንገዱ ማዶ ሣር ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ የተሰበረ ቱቦ አፍ ላይ ይደብቅ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ጎልማሶች ከአንድ ድንጋይ ሥር አንድ ስልክ አወጡና ሁለቱም የእኔ ነው አሉ። መጀመሪያ ተሰዳደቡ፤ ቀጥሎ ተናነቁ፤ ከዚያ አፈር ላይ ተንከባለሉ። አንደኛው ብድግ ሲል የሌላው ጆሮ ቁራጭ ጥርሱ መሃል ነበር። ተፋውና የት እንደወደቀ በዓይኑ ፈለገው፤ የገዛ ራሱ ሥራ መሆኑን ያላመነ ይመስል ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት መጥተው ስልኩን ከመሬት አነሡ። የሁለቱም አልነበረም፤ የእርሳቸው ነበር። ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ታክሲው ሄዱ።

ዑበይድ ፍርዱን ጨርሶ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። ሀኪማ ቀረች።

ከመንገዱ ማዶ በአራት ቆርቆሮ የተገጠመች ኪዮስክ አቆመች። የውስጡ ግድግዳ ላይ ጣውላ ቸነከረች፤ ጣውላው ላይ ስልሳ ምስማር መታች። በሃይላንድ ውኃ ክዳን ላይ ቁጥር ጻፈች፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ክዳን። አንዱ ከስልኩ ጋር ምስማሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ያመጣ ስልኩን ይወስዳል። ክዳን የጠፋበት ሰው ግን ሁሉም ጠያቂ ስልኩን ወስዶ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ስልክ የእሱ ነው። ይህ ሕግ ስንት ቡጢ አስነሥቶባታል። በኪዮስኳ ቆርቆሮ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስርጉድ የአንድ ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ክርን ወይም ድንጋይ ነበር። የራሷም ግንባር ላይ አንድ አለ፤ ከቅንድቧ በላይ፣ የታክሲ ረዳት በቁልፍ የመታት። ያን ቀንም ስልኩን ያለ ክዳን አልሰጠችውም። ደሟ በአገጯ እየወረደ "ተራህን ጠብቅ" አለችው፤ ጠበቀ።

ሌላም ሕግ ነበራት። የሰው ስልክ አትከፍትም። ሲጮኽ ታዞረዋለች እንጂ ማን እንደደወለ አታይም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያስጣሳት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሀይረዲን። ሀይረዲን ሁለት የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ነው፤ አንገቱ የበሬ፣ ድምፁ የጡሩምባ። የታሰረ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲገባ የስልኩን መክፈቻ በጣቱ አየር ላይ እየሣለ አስተማራት።

"የጭነት ወረፋ እዚህ ገጽ ላይ ነው የሚወጣው" አላት። "ስሜ ከወጣ 'እቀበላለሁ' የሚለውን ንኪልኝ። ካለፈኝ ሳምንት መቆሜ ነው።"

"እኔ የሰው ስልክ አልነካም፣ ሀይረዲን።"

"ሰው ነኝ እንዴ እኔ? ወሎዬ ነኝ" አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ነካችለት።

ሀኪማን ግን ሰዉ የሚያውቃት በምስማሮቿ ብቻ አልነበረም። ከባንኮኒው ሥር አንድ ላፕቶፕ ነበራት። ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሁንዴ ከሦስት የሞቱ ላፕቶፖች አንድ ሕያው አውጥቶ፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ጭኖ የሠራላት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት በዚያ ላፕቶፕ አዋጅ አነበበች፤ የስኳር በሽተኛ ምን እንደሚበላ አነበበች፤ ዓሣ ነባሪ ልጇን እንደምታጠባ አንብባ ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ስትናገር ሰነበተች። ከገጠር የመጣ ጠያቂ "ይግባኝ እስከ ስንት ቀን ነው?" ሲላት ፈልጋ ታነብለታለች። ያን ሁሉ ማንም አልከለከላትም፤ ማን ነሽ ያላትም የለም። ነገሩ ለእሷ አጥር የሌለው ሜዳ ነበር። እንዲህ ያለ ሜዳ መኖሩ በየቀኑ እንደ አዲስ ይገርማት ነበር።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሜዳው መታጠር ጀመረ። አንድ ቀን የመድኃኒት ገጹ አልከፈት አለ። በማግሥቱ የሥራ ማስታወቂያው። ከሳምንት በኋላ ቅጽ የምትሞላባቸው ገጾች በሙሉ ማለት ይቻላል። ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ቆርፋዳ አማርኛ ይወጣል፦ "መሣሪያዎና ብሮውዘርዎ ሊረጋገጡ አልቻሉም። እባክዎ በታወቀ መሣሪያ ይሞክሩ።"

ሁንዴ መጥቶ አየው፤ ጭንቅላቱን አከከ።

"ገጹ አንቺን አይደለም የሚጠይቀው" አላት። "ማሽኑን ነው። ማን ሠራህ? ውስጥህን ማን ነካው? ብሮውዘርህ ከነማን ወገን ነው? ይለዋል። ይኼን የነካሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ላፕቶፑ ሐቀኛ ነው፤ አይዋሽም።"

"አንተን አያውቁህም?"

"እኔን? እኔን የገላን ዘበኛ ራሱ ያለ መታወቂያ አያስገባኝም።"

"ምን አጠፋሁ ታዲያ? ከማንበብ በቀር።"

"ማንበብሽ አይደለም ጣጣው። በምን እንደምታነቢ ነው።"

ይህን ለጠያቂው ማስረዳት ግን አልቻለችም። ሰዉ የሚያየው ሀኪማ ትናንት ትከፍት የነበረውን ዛሬ አልከፍትም ማለቷን ነው። ወልደየሱስ የሚባሉ አዛውንት ለታመመው ልጃቸው የመድኃኒት ስም ሊያስነብቡ መጥተው፣ ገጹ ሦስት ጊዜ ሲመልሳቸው፣ በያዙት ዘንግ ስክሪኑን መቱት። ጥጉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ። ቀጥለው እሷን ትከሻዋ ላይ መቷት። ከዚያ ዘንጉን እዚያው ጥለው ሄዱ። ሌላዋ ፊቷ ላይ ተፋችባት። አንዱ ባንኮኒውን በእርግጫ ሰበረው። ሀኪማ ትከሻዋን በቅቤ እያሸች አሰበች፤ ገጹ ፊት የለውም፤ ስለዚህ የሚመታው የእኔ ፊት ነው።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዱሬሳ ልጁን ይዞ መጣ።

ዱሬሳ የአቃቂ ልጅ ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ኮዬ ፈጬ ሆኗል፤ እሱ አባቱ ጤፍ ያጨዱበት ቦታ ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ነው። ልጁ ሚራክል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነርስነት የሚያስተምር ኮሌጅ ከአራት መቶ ተፈታኝ ሠላሳ ሲቀበል አንዷ እሷ ነበረች። ቦታዋን እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በኮሌጁ ገጽ ላይ ካላረጋገጠች ለተጠባባቂ ይሰጣል።

"ስልኬን አላውቅሽም አለኝ" አለች ሚራክል። ስልኳን ሁንዴ ነበር የጠገነው። "የአባቴ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው። ኢንተርኔት ቤት ሄድን፤ ብዙ ሰው የሚነካው ኮምፒውተር አይሆንም አለ። ኮሌጁ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆምን፤ በኦንላይን ብቻ ነው አሉን።"

"ሕንፃው ላይ ያሉትን ሁሉ ለመንኩ" አለ ዱሬሳ። "ለአምስት ደቂቃ ስልክዎን አልኳቸው። አንዷ ሌባ ብላ በጥፊ መታችኝ። በዩኒፎርሜ ላይ።"

ሀኪማ ላፕቶፑን ሞከረችው። ያው ቆርፋዳ አማርኛ ወጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ሀይረዲን መጣ፤ ስልኩን ወረወረላት፤ ሃያ ሦስት ቁጥር ክዳን ይዞ ገባ። አዲስ ነው ስልኩ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ። ሃያ ሦስተኛው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሦስቱም አዩት። ሚራክል ዓይኗን ቶሎ መለሰች፤ ሀኪማን የሰበራት እሱ ነው። ልጅቷ ብትለምናት ኖሮ እምቢ ትል ነበር።

ሰባት ተኩል ላይ ሀኪማ ስልኩን ከምስማሩ አወረደች። ሀይረዲን ያስተማራትን መክፈቻ በጣቷ ሣለችበት። የኮሌጁ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ። ያን ሁሉ ዱላ ያስበላት በር ለዚህ ስልክ በር አልነበረም። ሚራክል ስሟንና ቁጥሯን ሞላች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቅ አለ፦ "ይህ ስልክ በሌላ ሰው ስም የተረጋገጠ ነው። ወደ እርስዎ ይዛወር?"

"ምን ማለት ነው?" አለች ሚራክል።

ሀኪማ አሰበች። በእሷ ግድግዳ ላይ ሃያ ሦስት ቁጥር ጠዋት የአንዱ ነው፤ ከሰዓት የሌላው። ክዳኑ ይሄዳል፤ ይመለሳል። መዛወር ማለት ለእሷ ይኸው ነበር።

"ለአሁን ይሁንልሽ ማለት ነው" አለች። "ስንጨርስ እንመልስለታለን። ንኪው።"

ነካችው። "ጥያቄዎ ደርሷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚሁ ስልክ ላይ ማረጋገጫ ይመጣል። ካልነኩት ቦታዎ ይሰረዛል" አለ። ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ከሩብ። ማረጋገጫው አልመጣም። ሀይረዲን መጣ።

ክዳኑን ባንኮኒው ላይ ጣለ። ሀኪማ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ "አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ ትንሽ ይቆይልኝ" አለችው። ነጠቃት። የጭነት ወረፋውን ሊያይ ከፈተ።

"መሣሪያዎ ሊረጋገጥ አልቻለም" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። እንደገና ነካው። "ይህ ስልክ የሚራክል ዱሬሳ ነው። ማናት ሚራክል?"

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ።

"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አለች ሀኪማ ከአፏ ነጥቃ። "ቦታዋ ሊሄድ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። አንዴ መልእክቱ ይምጣና እመልስልሃለሁ።"

ጥፊው ሳታየው ደረሰ። ጆሮዋ ውስጥ ደወል ተደወለ፤ ጣውላው ላይ ተጋጭታ አራት ስልክ ረገፈ። ዱሬሳ መሃል ገባ። ሀይረዲን ስልኩን ባልያዘበት ቡጢ አፉን አለው፤ ዘበኛው እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ በጣቶቹ መሃል ደምና ሁለት ጥርስ ወጣ። ጥርሶቹን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለሚራክል አሳያት፤ እንድትይዝለት የሚሰጣት ይመስል ነበር።

"የሰው ስልክ ትከፍታለች" ብሎ ጮኸ ሀይረዲን ወደ መንገዱ። "ጥለን ስንገባ እየከፈተች ስማችንን ለሰው ትሸጣለች።"

ከማረሚያ ቤቱ የሚወጣው ጠያቂ ሰማ። አሥራ አንድ ዓመት ክዳን ይዞ የተሰለፈው ሰው ክዳኑን ወርውሮ ወደ ምስማሮቹ ተንጋጋ። አንዲት እናት የሌላዋን ፀጉር ይዛ ከስልኳ ላይ ጎተተቻት። አንዱ ከጣውላው ስልክ ሲነቅል ከጎኑ ያለው በራሱ ቅል አፍንጫውን ሰበረው። ባንኮኒው ወደቀ። ላፕቶፑ እግር ሥር ገባ፤ ሀኪማ ሲደቅቅ ሰማችው፤ እንደ ደረቅ ቂጣ ነበር። ቆርቆሮው በድንጋይ እየተነረተ ተንጋዶ በአንድ ጎኑ ተኛ።

በዚህ ሁሉ መሃል ከሀይረዲን እጅ ውስጥ ስልኩ አንዴ አንቃጨለ። አጭር፣ ለስላሳ ድምፅ ነበር። ሀኪማም ሚራክልም ሰሙት።

ሀኪማ ዘላ የእጁ አንጓ ላይ ነከሰችው። እስኪጮህ፣ እስኪለቅ፣ የደሙን ብረት ብረት የሚል ጣዕም እስክትቀምስ ነከሰችው። ስልኩ ወደቀ። ሚራክል አንሥታው ከተጋደመው ቆርቆሮ ሥር ገባች፤ ሀኪማ ተከትላ ገብታ ክፍቱን በጀርባዋ ደፈነችው። ሀይረዲን በጫማው ረገጣት። ወገቧን፣ ጎኗን፣ ከዚያ መሬት ላይ የተዘረጋውን ቀኝ እጇን። የአጥንቱ ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ማልቀስ አልመጣላትም። ስክሪኑን ነበር የምታየው።

"ንኪው" አለች።

"ጣቴ ደም ነው፤ አይቀበለኝም" አለች ሚራክል። የአባቷ ደም ነበር።

"ጥረጊው። በቀሚሴ ጥረጊው።"

ጠረገችና ነካችው። አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ከላያቸው ቆርቆሮው እየተቀጠቀጠ ወደ ራሳቸው ሰመጠ፤ ክቡ ግን ዞረ፤ ቸኩሎም አያውቅ፤ ስለ ድንጋዩም ስለ ጫማውም የሰማው ነገር የለም። ሀኪማ እንዲህ ያለ እርጋታ አይታ አታውቅም። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። "ቦታዎ ጸድቋል።"

ጠባቂዎች በዱላ መጥተው ሰዉን በተኑ። እነሱም ሲበትኑ ያልመቱት ሰው አልነበረም።

ሀኪማ እጇ በጀሶ፣ ዱሬሳ አፉ በጥጥ ታሽጎ ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ሀይረዲን በር ላይ ቆሞ አገኙት። አንጓው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጠባቂዎቹ የመለሱለትን ስልክ ይዟል። አጠገቡ ሁንዴ ነበር።

"ንገራቸው" አለ ሀይረዲን ሁንዴን።

"ስልኩ አሁን የሷ ነው" አለ ሁንዴ ወደ ሚራክል እያመለከተ። "የጭነቱም ገጽ፣ የኮሌጁም ገጽ አንድ አረጋጋጭ ነው ያላቸው። ሌላ ስልክ ልግዛ ቢል፣ ከድሮው ስልክ ይፈቀድልኝ ማለት አለበት፤ የድሮው ስልክ ደግሞ አያውቀውም። የምትለቀው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚሁ ስልክ ላይ። ምዝገባው ሳያልቅ ከለቀቀች ግን ቦታዋ ይሰረዛል።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?" አለች ሀኪማ።

"በሦስተኛው ሐሙስ። በየሐሙሱ አንድ ነገር ይጠይቃታል፤ በዚሁ ስልክ መልስ መስጠት አለባት።"

ሀይረዲን መሬት መሬት አየ። ስልኩን ድንጋይ ላይ ቢፈጠፍጠው ራሱን ነው የሚፈጠፍጠው። ልጅቷን ቢመታት ጣቷን ይፈልገዋል። እጁ ይጨበጣል፤ ይፈታል፤ ይጨበጣል።

"ሐሙስ የት ላምጣው?" አለ በመጨረሻ።

"ኪዮስኩ ጋ" አለች ሚራክል።

ኪዮስክ የሚባል ነገር አልነበረም። ቆርቆሮውን ዱሬሳ በድንጋይ ቀጥቅጦ አቃንቶ መልሶ አቆመው፤ ምስማሮቹ ግን ባዶ ነበሩ። ጠያቂው ስልኩን ይዞ በፊቷ ያልፋል፤ አንዳንዱ እያየ ይተፋል። "ከፍተሻል ወይ?" ብለው የጠየቋት ነበሩ። "ከፍቻለሁ" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። አንዱ ይህን ሰምቶ የጀሶ እጇን በክርኑ ገጭቶት አለፈ፤ ሆን ብሎ።

ሀይረዲን ሐሙስ መጣ። ቀጣዩም ሐሙስ መጣ። ስልኩን ያስቀምጣል፤ ሚራክል ትነካለች፤ ይዞ ይሄዳል። መኪኖቹ ግቢ ቆመው ጎማቸው እየተነፈሰ ነው ተባለ።

በሦስተኛው ሐሙስ ሚራክል የመጨረሻውን ነካች። "ምዝገባዎ ተጠናቋል" አለ። ቀጥሎ ወደ ማስተካከያው ገባችና ቆመች። "ይህን ስልክ ይልቀቁ?" የሚል ነበር።

"ልቀቂው" አለ ሀይረዲን።

"አባቴ ጥሬ ማኘክ አይችልም" አለች ሚራክል።

"አውቃለሁ።"

"ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ አልኩሽ። ሁለት ናቸው።"

ልጅቷ ስልኩን ለሀኪማ አቀበለቻት። "እትዬ፣ አንቺ አድርጊው።"

ሀኪማ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከመንገዱ ማዶ ጠያቂዎች ተሰልፈው ወደ እነሱ ያያሉ፤ ጥቂቶቹ ያን ቀን ቆርቆሮ የነረቱ ናቸው። ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ ሀይረዲን ፊት ቆመች። ደረቱ ላይ ነበር የምትደርሰው።

"ጎንበስ በል" አለችው።

ተረድቷል። አንገቱ ሥር ጅማቱ ሲቆም አየችው፤ ቀጥሎ እንደገና ሊመታት እንደሚችል አውቃ አልተንቀሳቀሰችም። ሀይረዲን ወደ ስልኩ አየ፤ ወደ ሰልፉ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

በግራ እጇ መታችው። ሙሉ መዳፍ ነበር፤ ድምፁ ማዶ ተሰማ፤ አንድ ጠያቂ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሀይረዲን ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ጉንጩ ላይ አራት ጣት ቀስ ብሎ ቀላ።

"ጨረስሽ?" አለ።

"የእኔን ጨርሻለሁ" አለች። "የዱሬሳን ከእሱ ጋር ጨርስ። ማታ ፈረቃ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ታገኘዋለህ።"

መዳፏ እየነደደ በአውራ ጣቷ ነካችው። ክቡ ዞረ፤ ስልኩ የሀይረዲንን ስም መልሶ ጻፈ። እሱ አነሣውና እዚያው ቆሞ የጭነት ወረፋውን ከፈተ። ሦስት መቶ አሥራ ሰባተኛ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ሄደ።

ሀኪማ ወደ ባንኮኒው ኋላ ተመለሰች። ሚራክል የጀሶውን እጅ አንሥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች "ይሰማሻል?" ትላት ጀመር።

"ያ አይሰማኝም" አለች ሀኪማ ትንሿን ጣቷን እያየች። "ሌላውን ቀጥይ።"